የመኪና ሕመም በድምፁ ይታወቃል

ሐኪም የሕመምተኛውን ደረት በማዳመጫ እያዳመጠ በውስጥ የተሰወረውን ደዌ እንደሚያውቅ፥ እረኛም ከመንጋው መካከል የታመመችውን በግ በጩኸቷ እንደሚለይ፥ እንዲሁ መኪናም ሕመሙን በድምፁ ይናገራል። የሚሰማው ሲገኝ ሕመሙ ገና በጥቂት ገንዘብ የሚጠገን ሳለ ይታወቃል። የሚሰማው ሲታጣ ግን ትንሹ ድምፅ ውሎ አድሮ የብዙ ሰው ኀዘን ይሆናል።

ይህ ነገር የሹፌሮችና የመካኒኮች ብቻ ጉዳይ ይመስላቸው የነበሩ አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በዛሬው ዘመን ለሠርግም ቢሆን፥ ለልቅሶም ቢሆን፥ ለክርስትናም ሆነ ለተዝካር፥ ሕፃን ታሞ ወደ ሐኪም ቤት ለመሮጥም ሆነ በዓለ ንግሥ ለማክበር በመኪና የማይሳፈር ቤተ ሰብ የለም። ስለዚህ ከተሳፋሪው መካከል የሚሰማ ጆሮና የሚያስተውል ልብ ያለው አንድ ሰው መገኘቱ ለሌሎቹ ሁሉ ይጠቅማል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያሰብነውም ስለዚሁ ነው።

የሸዋ ቁልቁለት

የምንኖርበት አገር ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቷት ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው አንኮበርን ካለፈ በኋላ ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን ዳገትና ገደል ያገኛል። ወደ ሰሜን የሚሄደው ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን ተሻግሮ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ወደ ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። ለመስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚጓዙ ከአዲስ አበባና ከሸዋ የሚነሡ ብዙ ምእመናን የሚያልፉት በዚሁ ቁልቁለት ነው።

በቀድሞው ዘመን በዚህ መንገድ የሚወርደው ነጋዴ በቅሎው ማነከስ ስትጀምር ቆሞ ጭነቷን ያወርድ፥ እግሯንም ያይ ነበር እንጂ «ገበያው ይረፍድብኛል» ብሎ አይነዳትም ነበር፤ ወድቃ የተሰበረች በቅሎ ከነጭነቷ እንደምትቀር ያውቅ ነበርና። መኪና ወደ አገራችን የገባው በ1900 ዓ.ም. ገደማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፥ በጣርማ በር ተራራ ሆድ ውስጥ ዋሻ ተፈልፍሎ የመኪና መንገድ ያለፈው ግን ጣልያን አገራችንን በወረረበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። ከመንገዱና ከመኪናው ጋር ቃላቱም አብረው ገቡ። መኪና፥ ጎማ፥ ኩሽኔታ፥ ባሌስትራ፥ ቺንጋ፥ ማርሚታ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ሹፌርና ጋራዥ ደግሞ ከፈረንሳይኛ ተወስደዋል፤ ሹፌር የሚለው ቃል በመጀመሪያ ትርጉሙ የሞተሩን እሳት የሚያነድድ ሰው ማለት ነበር።

ቁልቁለቱ ለምን እንደሚያስፈራ በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ከነተሳፋሪው 10,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን አውቶቡስ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት 1,900 ሜትር ያህል ወደ ታች ይወርዳል። ይህ ክብደት ከዚያ ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኀይል በሙሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 600 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ በደጋው አገር ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይቀበሉታል፤ የቀረውን ሁሉ የሚሸከመው ግን ፍሬኑ ነው። እንግዲህ የፍሬን ሸራ ማለቁን የሚናገረውን ድምፅ በሜዳው ላይ ሳለን ሰምተን ካላስጠገንን በቁልቁለቱ ላይ ምን እንደሚጠብቀን ማሰብ አያዳግትም።

ጆሮን ማሠልጠን

በቅኔ ማሕሌት ያደጉ ሰዎች ጆሮ ምን ያህል ሊሠለጥን እንደሚችል ያውቃሉ። ቅዱስ ያሬድ ካስተማራቸው ከሦስቱ ዜማዎች፥ ከግዕዝ፥ ከዕዝልና ከአራራይ፥ የትኛው እየተዜመ እንደሆነ ተማሪው ገና ከአፍ ሲወጣ ይለየዋል። መሪጌታውም ብዙ ተማሪዎች በአንድነት ሲያዜሙ ከመካከላቸው አንዱ ቢስት በየት በኩል የቆመው እንደሳተ ያውቃል። ይህን ችሎታ ያገኘው ስሕተትን በማጥናት ሳይሆን ትክክለኛውን ዜማ ዕለት ዕለት በመስማት ነው። የመኪናም ነገር እንዲሁ ነው። መኪናው ጤነኛ በሆነ ጊዜ ሲነሣ፥ ሲወጣ፥ ሲወርድና ሲቆም የሚያሰማውን ድምፅ አስቀድሞ በጆሮው ያኖረ ሰው እንግዳ ድምፅ በመጣ ጊዜ ወዲያው ይነቃል።

እንግዳ ድምፅ ሲሰማ ሦስት ጥያቄዎችን በተራ መጠየቅ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ፥ ድምፁ የሚከተለው ማንን ነው? የሚል ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ብቻ ሲሠራ የሚሰማና ነዳጅ ሲሰጠው የሚፈጥን ከሆነ ሕመሙ ከሞተሩ ወይም በሞተሩ ከሚዞሩት ዕቃዎች ነው። መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚሰማና ከጎማው መዞር ጋር አብሮ የሚፈጥንና የሚዘገይ ከሆነ ግን ሕመሙ ከእግሩ፥ ማለት ከጎማው፥ ከፍሬኑ ወይም ከኩሽኔታው ነው። ሰውና መኪና በሌለበት ደልዳላ ሜዳ ላይ ለጥቂት ጊዜ ፍሪሲዮን ረግጦ ሞተሩን ከጎማው በመለየት ይህን ማረጋገጥ ይቻላል። በቁልቁለት ላይ ግን ይህን መሞከር፥ ሹፌሮች «ፎሌ» እንደሚሉትም ማርሽ አውጥቶ መኪናውን በነጻ መልቀቅ፥ ሞትን መጥራት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ድምፁ የሚለወጠው መቼ ነው? የሚል ነው። ፍሬን ሲያዝ፥ መሪ ሲታጠፍ፥ ማርሽ ሲለወጥ፥ ዳገት ሲወጣ፥ ወይስ ጎድጓዳ ሲረገጥ?

ሦስተኛው ጥያቄ፥ ከየት ይመጣል? የሚል ነው። ይህን ሹፌሩ ብቻውን መለየት ያስቸግረዋልና ከፊትና ከኋላ የተቀመጡት ሊረዱት ይችላሉ። መስኮት ከፍቶ በግንብ ወይም በድንጋይ ካብ አጠገብ ቀስ ብሎ ማለፍም ይረዳል፤ ግንቡ ከጎማው በኩል የሚወጣውን ድምፅ መልሶ ወደ ጆሮ ያመጣዋልና። በጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ያለፈ ሰው ይህን ያውቀዋል። በሜዳው ላይ በነፋስ ተሸፍኖ የነበረው ድምፅ ሁሉ በዋሻው ውስጥ ጎልቶ ይሰማል። ከደብረ ብርሃን በኩል ለሚመጣ ሰው ዋሻው ከረጅሙ ቁልቁለት በፊት የሚገኝ በመሆኑ መኪናውን ለማዳመጥ ጥሩ ስፍራ ነው፤ ይሁን እንጂ በውስጡ መቆም አይገባም፤ አጠራጣሪ ነገር የሰማ ሰው ከዋሻው ወጥቶ ሰፊ ቦታ ሲያገኝ ይቁም።

ድምፆቹና ትርጓሜያቸው

ሲጥ የሚል ቀጭን ጩኸት። ፍሬን ሲያዝ የሚሰማ ከሆነ የፍሬኑ ሸራ ሊያልቅ መቃረቡን ይናገራል። በብዙ መኪኖች ላይ ሸራው ሲሳሳ ከዲስኩ ጋር እየተነካካ እንዲጮህ ሆን ተብሎ የተሠራ ትንሽ ብረት አለ፤ እንግዲህ ጩኸቱ የተላከ መልእክተኛ ነው ማለት ነው። ነገር ግን እንደ ደብረ ብርሃን ባለው ውርጭ በሚወርድበት አገር ጠዋት ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ብቻ ተሰምቶ የሚጠፋ ጩኸት ሌሊት በዲስኩ ላይ ያደረው እርጥበትና ቀላል ዝገት ሊሆን ስለሚችል ብዙ አያሳስብም።

ብረት ከብረት ጋር ሲፋጭ የሚሰማ ሻካራ ድምፅ። ይህ የመጀመሪያው መልእክተኛ ሳይሰማ ከቀረ በኋላ የሚመጣ ነው። ሸራው ፈጽሞ አልቆ ብረቱ ዲስኩን ወይም ታንቡሩን እየበላው ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው መኪና ወደ ቁልቁለት መግባት የለበትም።

እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ። ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፥ ፍሬን ሲያዝም የማይለወጥ ከሆነ የጎማው ኩሽኔታ መበላቱን ያመለክታል። ኩሽኔታው ክብደት ሲጫንበት ይበልጥ ይጮኻልና ወደ ግራ ሲታጠፉ የሚጎላ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የታመመው የቀኙ ነው፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፉ የሚጎላ ከሆነም የግራው ነው። ጎማም እንዲሁ ያጉረመርማል፤ ነገር ግን የጎማ ድምፅ ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲገቡ ይለወጣል፥ የኩሽኔታ ድምፅ ግን ያው ነው።

ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መሪ ተጠምዝዞ ሲታጠፉ። የፊት ጎማዎች በሚጎትቱት መኪና ላይ ይህ የፊት ዘንጉ መታጠፊያ መገጣጠሚያ መበላቱን ያሳያል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ቅባቱን የሚሸፍነው ላስቲክ ተቀድዶ አቧራ ሲገባበት ነው።

በጎማው ዙር ልክ የሚመታ ዱብ ዱብታ። ጎማው አብጦ ወይም የጎማው ብሎን ላልቶ ሊሆን ይችላል። በተለይ ጎማ በቅርቡ ተቀይሮ ከሆነ ሳይውል ሳያድር ሳይባል እዚያው ቆሞ ብሎኖቹን ማየት ይገባል። ጎማው ተፈናቅሎ ከመውጣቱ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ይኸው ሊሆን ይችላልና።

ሞተር ሲነሣ የሚፏጭ ድምፅ። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የላላ ወይም ያረጀ ቺንጋ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በብዙ መኪኖች ይኸው ቺንጋ የማቀዝቀዣውን ውሃ የሚገፋውን ፓምፕ ስለሚያዞር ቢበጠስ ሞተሩ በጥቂት ደቂቃ ይግላል። በደጋው አገር ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ የቤት እመቤቶች ባቄላና ሽምብራ ሲቀቅሉ ያውቁታል። የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን አፍኖ እንዳይፈላ ይከላከላል፤ ክዳኑ የተበላሸ እንደሆነ ግን ሞተሩ በደጋው ላይ ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ያፈላል። የፈላ ራዲያተር ክዳን ሳይቀዘቅዝ መክፈት ፊትንና እጅን እንደሚያቃጥልም መርሳት አይገባም።

ከሞተሩ የላይኛው ክፍል ጠቅ ጠቅ የሚል ቀላል ድምፅ። ዘይት ማነሱን ወይም ቫልቩ መስተካከል እንደሚሻ ይናገራል። ከሞተሩ የታችኛው ክፍል የሚመጣ ዳገት ሲወጣ የሚበረታ ከባድ መዶሻ የመሰለ ድምፅ ግን ከሁሉ የሚከፋ ነው። የዘይቱ መብራት አብሮ ከበራ ሞተሩን ወዲያው ማጥፋት እንጂ «ጋራዥ ድረስ ላድርሰው» ማለት አይገባም። አንድ ሊትር ዘይት ሊያድነው ይችል የነበረው ሞተር በዚያች አጭር መንገድ ይጠፋል።

ሳያቋርጥ እንደሚተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ላይ። የእነዚህ ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። ሹፌሩ ፍሬኑን ሲለቅ ፊሽ የሚለው ድምፅ የደኅና ነው፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ሳያቋርጥ የሚሰማው ግን አየሩ እያመለጠ መሆኑን ያሳያል። የአየር ማነስን የሚነግረው ደወል ከጮኸ ጉዞ መቀጠል የለም።

ከዚህ በተቃራኒ የባሌስትራ መንሳጠጥ፥ የኮፈን መንኳኳት፥ በማርሚታው አጠገብ የላላ ቆርቆሮ መንሿሿት ጆሮን ከማስቸገር በቀር አብዛኛውን ጊዜ ነፍስን የሚያሰጉ አይደሉም። የሚሰማ ሁሉ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ መለየትን የምንማረውም ለዚሁ ነው።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሠሩ መኪኖች ቁጥር ጨምሯል። እነዚህ የሞተር ጩኸት የላቸውም፤ የፍሬናቸው፥ የኩሽኔታቸውና የጎማቸው ድምፅ ግን ከላይ እንደተናገርነው ነው። ቁልቁለት ሲወርዱ ሞተራቸው ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ይይዛል። ባትሪው አስቀድሞ ሞልቶ ከሆነ ግን ይህ እርዳታ ስለሚቀንስ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ባትሪን እስከ አፉ ሞልቶ መነሣት አይመከርም።

የማይጮኸው አደጋ

ጆሮ የማይሰማው ነገር እንዳለም ማወቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ ሁለቱን እንጠቅሳለን።

አንደኛው የፍሬን መድከም ነው። በረጅም ቁልቁለት ላይ ሹፌሩ ፍሬኑን ረግጦ ሳይለቅ ሲወርድ ሸራው ከመጠን በላይ ይግልና መያዙን ይተዋል፤ የፍሬኑ ዘይት ያረጀ ከሆነም ይፈላል። በዚህ ጊዜ ከጩኸት ይልቅ የሚቀድመው የተቃጠለ ሸራ ሽታና የፍሬኑ መርገጫ መለስለስ ነው። መድኀኒቱ አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው፤ ይኸውም ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከባድ በሚባለው በዝቅተኛው ማርሽ መግባት፥ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ፥ ፍሬኑንም እየያዙ መልቀቅ ነው። ሽታ የሸተተው ሰው ሰፊ ቦታ ፈልጎ ቆሞ ፍሬኑ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይጠብቅ። በደብረ ሲና ሻይ እየጠጡ የሚያልፍ ግማሽ ሰዓት ከሕይወት ጋር አይመዛዘንም።

ሁለተኛው ከማርሚታው የሚያፈተልከው ጭስ ነው። ማርሚታው ሲቀደድ መጀመሪያ ፑፍ ፑፍ የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ይህን ቸል ያለ ሰው በብርዱ ምክንያት መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ሲሄድ ሽታና ቀለም የሌለው መርዘኛ አየር ወደ ውስጥ ይገባበታል። ይህም በብርድ ሌሊት ደጅ ዘግተው ከሰል ባነደዱ ቤተ ሰቦች ላይ በእንቅልፍ ሞትን የሚያመጣው ያው አየር ነው። በመኪና ውስጥ ልጆች ራሳቸውን አሟቸው ሲያስታውኩ «መንገዱ ነው» ብሎ ማለፍ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማርሚታው ድምፅ የተለወጠ ከሆነ መስኮት መክፈትና ወርዶ ንጹሕ አየር መቀበል ይቀድማል።

የተሳፋሪ ድርሻ

በአገራችን ልማድ ተሳፋሪ ሹፌርን መናገር እንደ ድፍረት ይቈጠራል። እኛ ግን በትሕትና የተነገረ ቃል ድፍረት አይደለም እንላለን። አንዲት እናት ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «ልጄ፥ ከወዲህ በኩል ካለው ጎማ ዱብ ዱብ የሚል ነገር እሰማለሁ፤ እባክህ ወርደህ እይልን» ቢሉ፥ አስተዋይ ሹፌርም «እሺ እማማ፥ እግዜር ይስጥልኝ፤ እዚህ ሜዳው ላይ ቆሜ አየዋለሁ» ቢል ማን ይጎዳል? ሹፌሩን ስለ መቆሙ ማጉረምረም፥ «ረፈደብን፥ ንዳው!» እያሉ መገፋፋት ግን ኋላ ለሚመጣው ሁሉ ተካፋይ መሆን ነው። ሹፌሩም ለመቆም የሚያፍረው ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ስለሚያሳፍረው ነውና ጥፋቱን በእርሱ ላይ ብቻ መጣል ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ደግሞም በመንፈሳዊ ጉዞ ላይ ከበሮና እልልታ፥ የመዝሙር ካሴትና የድምፅ ማጉያ አብረው እንደሚሄዱ የታወቀ ነው። መዝሙር የጉዞው ጌጥ ነው። ነገር ግን ሹፌሩ የሞተሩን ድምፅና የደወሉን ጩኸት እስከማይሰማ ድረስ መጉላቱ አይጠቅምም። የማኅበሩ መሪዎች በጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ከበሮው እንዲያርፍና መዝሙሩ በለሆሳስ እንዲዘመር ቢያደርጉ ከበረከቱ የሚጎድል ነገር የለም፤ እግዚአብሔር የሹክሹክታ ጸሎትንም ይሰማልና።

ወደ መካኒክ የሚሄድ ሰውም «መኪናው ይጮኻል» ብቻ ብሎ ቢያስረክበው መካኒኩ በግምት ዕቃ ይለውጥና ገንዘቡ በከንቱ ይባክናል። «ሲነሣ የለም፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይጀምራል፤ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይበረታል፤ ፍሬን ሲያዝ አይለወጥም» ቢል ግን የሕመሙን ግማሽ ፈታለት ማለት ነው። ልጆቻችሁም ድምፁን በእጅ ስልክ ቀድተው ለመካኒኩ ማሰማት ይችላሉ። ድምፁ የተሰማበትንም ቀን በትንሽ ደብተር መጻፍ መልካም ነው።

እምነትና ጥንቃቄ

አዲስ መኪና የገዛ ክርስቲያን ካህን ጠርቶ ጠበል ማስረጨቱ፥ የእመቤታችንን ወይም የመላእክትን ሥዕል በፊቱ ማኖሩ፥ ሲነሣም አማትቦ መነሣቱ የሚመሰገን ልማድ ነው። ይህ ግን ያለቀ የፍሬን ሸራን አይተካም። ፈታኙ ጌታችንን በቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ መላእክት ይደግፉሃልና ራስህን ወርውር ባለው ጊዜ ጌታ የመለሰለት እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ ነው። የሚፋጭ ፍሬን እየሰማ «እመቤቴ ታውቃለች» ብሎ ወደ ገደሉ የሚነዳ ሰውም እምነቱን ከፈተና ጋር እንዳያደባልቅ ይጠንቀቅ። በኦሪትም አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሰው ከሰገነቱ ወድቆ የደም ዕዳ እንዳይሆንበት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። ሰውን አሳፍሮ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ደኅና ፍሬን የዚያ መከታ ምሳሌ ነው። ልበስለት የሚል መካሪ ሳይሻ ራሱ ሊያበጀው ይገባል።

እንግዲህ የቤት አባወራዎችና እመቤቶች፥ በሚቀጥለው ጉዞአችሁ ገና ከደጃፍ ስትነሡ ለጥቂት ደቂቃ ሬዲዮውን ዘግታችሁ መኪናውን አድምጡ፤ ልጆቻችሁንም «ምን ትሰማላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሕፃናት ጆሮ ከአዋቂዎች ይልቅ ቀጫጭኑን ድምፅ ይሰማል። እንግዳ ነገር የሰማችሁ እንደሆነ ሜዳው ሳያልቅ ቁሙ። አምላከ ቅዱሳን ወጥተን እንድንገባ፥ ወርደንም እንድንመለስ ይርዳን።